ከሜዳ ወደ ሜዳ ዳር፤ ተጫዋች አሠልጣኝ ሲሆን
(በቆቦ ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ትምህርታዊ ንግግር)



እግር ኳስ ሰው በአደባባይ ቆሞ የሚናገርለት፣ ሕዝብም ተቀምጦ የሚሰማለት ነገር ነውን ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ከመካከላችሁ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም ኳስ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ነኝና። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከመንበራቸው ተነሥተው ዋንጫ ያስረከቡበት፣ የአፍሪካ አገሮች በአንድ ቃል ተስማምተው የዓለሙን ታላቅ ውድድር አንሄድም ያሉበት፣ ዛሬም ከሮቢት እስከ ዋጃ ድረስ ወጣቱ ከማሽላ ጥበቃ እንደ ተመለሰ እግሩን ሳይታጠብ የሚሮጥለት ነገር፣ ጨዋታ ነው ተብሎ በቸልታ የሚታለፍ አይመስለኝም። የአንድ ሕዝብ ጠባይ በጦር ሜዳና በሸንጎ ብቻ ሳይሆን፣ ሥራውን ፈትቶ በሚዝናናበት ሰዓትም ይገለጣል፤ እንዲያውም ማንም ሳያስገድደው የሚያደርገው ነገር ስለ ሆነ፣ ያኔ የሚታየው ጠባይ እውነተኛው ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ኳስ ሁሉ አይደለም። አንድ ጠባብ ነገር መርጫለሁ፤ ይኸውም ዕድሜውን በኳስ የፈጀ ሰው ጉልበቱ ሲደክም ከሜዳው ወጥቶ፣ በራሱ እግር ያደርገው የነበረውን በሌሎች እግር ለማስደረግ በሜዳው ዳር ሲቆም የሚደርስበት ነገር ነው። ብዙ ሰው አሠልጣኝነትን የተጫዋችነት ሁለተኛ መዓርግ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ጥሩ የተጫወተ ሁሉ ጥሩ ያሠለጥናል ይላል። እኔ ግን ሁለቱ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው ባይ ነኝ፤ የተጫዋች ሥራ ፊሽካው ሲነፋ ይጀምራል፣ የአሠልጣኝ ሥራ ግን ፊሽካው ሲነፋ አብዛኛው አልቋል። ስለዚህ ተጫዋች የነበረ ሰው አሠልጣኝ ይሆን ዘንድ፣ በሕይወቱ ከሁሉ ይልቅ የሚወደውን ያንን የጨዋታውን ቀን ለሌሎች አሳልፎ መስጠት አለበት። ይህም መሥዋዕትነት ለሁሉ የሚቻል አይደለም።

ወጣቶቻችን ማታ ማታ በዲኤስቲቪ ቤት በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቀው የስፔንን ኳስ ሲመለከቱ፣ ከተጫዋቾቹ እኩል የአሠልጣኞቹን ስም ሲጠሩ እሰማለሁ። ፔፕ ጋርዲዮላ በባርሴሎና አማካይ ሆኖ ከተጫወተ በኋላ በዚያው ክለብ አሠልጣኝ ሆኖ ዓለምን እንዳስደነቀ፣ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬም በሪያል ማድሪድ ለብዙ ዘመን ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2010 አገሩን የዓለም ዋንጫ ባለቤት እንዳደረገ ሁሉም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ እነዚህ ሰዎች ከሜዳው ወጥተው በቀጥታ ወደ ትልቁ ወንበር አለመውጣታቸው ነው። ጋርዲዮላ ዋናውን ቡድን ከመረከቡ በፊት፣ በስፔን አራተኛ እርከን ይጫወት የነበረውን የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን አንድ ዓመት አሠልጥኗል። ዣቢ አሎንሶም የዓለምና የአውሮፓ ዋንጫ በእጁ የጨበጠ ሰው ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሪያል ማድሪድን ሕፃናት፣ ቀጥሎም የሪያል ሶሴዳድን ሁለተኛ ቡድን ለሦስት ዓመት ካሠለጠነ በኋላ ነው ባየር ሌቨርኩሰንን ተረክቦ አንድ ጨዋታ ሳይሸነፍ የጀርመን ሻምፒዮን ያደረገው። በስፔን፣ በተጫዋችና በአሠልጣኝ መካከል መሰላል አለ፤ የገነነ ስም ያለው ሰው እንኳ ከታችኛው እርከን ጀምሮ ይወጣዋል።

በእኛ አገር ይህ መሰላል በጥንቱ ዘመን አልነበረም፤ ዛሬም ሙሉ ሆኖ አልቆመም። መሰላሉ ሳይኖር የወጡ ሰዎች ግን ነበሩን። ከእነዚህም ቀዳሚው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ተሰማ እሸቴ፣ በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው የተመለሱ፣ ቃልን እንደ ፈለጉ የሚያዙ ሰው ነበሩ፤ ልጁም በኋላ ዘመን በዓለም ሸንጎ ቆሞ ሲከራከር የታየበት አንደበት ከማን እንደ ተወረሰ ለመገመት አይቸግርም። ጐልማሳነታቸው ከጠላት ወረራ ዘመን ጋር ተገናኘ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተመሠረተው ጣልያን አዲስ አበባ ከመግባቱ ከወራት በፊት፣ በ1928 ዓ.ም. ነበር፤ ጠላትም ከገባ በኋላ በኳስ ሜዳ ላይ እንኳ ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ፣ የክለቡን ስም በግድ ለውጦ፣ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ አደረገ። የዘር ልዩነትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሜዳ የተማረ ትውልድ ይህ ነበር። ኋላ የሚመጣው ነገር ከዚህ የተለየ ስላልሆነ፣ ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ አገሪቱ ኳስ ነበራት፣ ሥርዓተ ኳስ ግን አልነበራትም። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን። ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱት። በዚህ ጊዜ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ግብ የሚያገባ ወጣት ብቻ አልነበሩም፤ ውድድሩ እንዲኖር፣ ዳኛ እንዲሠለጥን፣ ሕጉ እንዲታወቅ፣ ፌዴሬሽን እንዲቆም ከሚደክሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ጠዋት በጽሕፈት ቤት ደንብ የሚያረቅቅ ሰው ከሰዓት በኋላ በዚያው ደንብ ሥር ቁምጣ ለብሶ ይገባ ነበር ማለት ነው።

ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች በቅዱስ ጊዮርጊስ 365 ጨዋታ ተጫውተው 318 ግብ እንዳስቆጠሩ፣ ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ እንደ ተሰለፉ ይመሰክራሉ። ቁጥሩን ስናደንቅ ግን የዘመኑን ተከላካዮች ከዛሬዎቹ ጋር ማስተያየት አይገባም፤ የሊጉ ቡድኖች ጥቂት ነበሩ፣ ልምምዱም የትርፍ ሰዓት ነገር ነበር። እኔን ከግቦቹ ይልቅ የሚያስደንቀኝ፣ ይህን ሁሉ ግብ ያገባ ሰው አእምሮው በግብ አለመያዙ ነው።

በየካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ሆነች። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እልካለሁ እንጂ የተቀላቀለ አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው ውድድር ተሰናበተች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። የፍጻሜው ውጤት ግን ለእኛ የሚያኰራ አልነበረም፤ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፣ አራቱንም ግብ ያገባው አድ-ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ ሁለተኛው ውድድር ሲደረግ እንደ ገና በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳንም 1 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። እንግዲህ አቶ ይድነቃቸው ከተጫዋችነት ተሰናብተው ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት ሲመሩ የወረሱት ውርስ ይህ ነው፤ በሁለት ውድድር ዘጠኝ ግብ የገባበት፣ አንዲትም ግብ ያላገባ ቡድን።

ሦስተኛው ውድድር በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆነ። አበበ ቢቂላ በሮም ከሮጠ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል ነበር፤ የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ያስደነገጠው ከተማም ገና ልቡ አልረጋም። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፍን በኋላ፣ የፍጻሜው ጨዋታ በእሑድ፣ ጥር 13 ቀን፣ ማለትም የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ በተመለሰ ማግስት ተደረገ። የጥምቀት ሰሞን የአዲስ አበባን መንገዶች የምታውቁ፣ ነጠላው ገና ሳይታጠብ ያ ሕዝብ ሁሉ ወደ ስታዲየሙ ሲፈስ በዓይነ ኅሊናችሁ ልትስሉት ትችላላችሁ። ተጋጣሚያችን ያው ግብፅ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የምትጠራ፣ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች ሁለቱንም የወሰደች።

በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፈታሕ ለግብፅ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ፣ ማለትም አርባ ደቂቃ ለሚያህል ጊዜ፣ ኢትዮጵያ እየተመራች ቆየች፤ ግርማ ተክሌ ያን ጊዜ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ገና ከደስታው ሳይቀመጥ፣ በሚቀጥለው ደቂቃ፣ ያው በደዊ ሁለተኛውን አገባ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ከሜዳው ዳር የተቀመጠውን ሰው አስቡት። 318 ግብ ያስቆጠረ፣ እንዲህ ያለችውን ደቂቃ በገዛ እግሩ መመለስ የለመደ ሰው፣ አሁን እጁን አጣጥፎ ከመመልከት በቀር ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለውም፤ በዚያ ዘመን ተቀያሪ ማስገባት እንደ ዛሬው ልማድ አልነበረምና የጀመረው ይጨርሰዋል። ከመስመር ላይ ሆኖ ቢጮኽስ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ጩኸት መካከል ማን ይሰማዋል?

የሚማርከው ነገር ግን ቡድኑ አለመፈራረሱ ነው። ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረጋት፤ መደበኛው ጊዜም በዚሁ አለቀ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ፣ መንግሥቱ ወርቁም በ117ኛው ደቂቃ አገቡና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ጃንሆይም ዋንጫውን በገዛ እጃቸው ለሉቺያኖ አስረከቡ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ባለ ሜዳ የናይል ሸለቆ ልጆች በጭማሪው ሰዓት ትንፋሽ ማጣታቸው እንደ ረዳን መካድ አይገባም፤ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መመለስ ግን የአየሩ ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከካርቱምና ከካይሮ ውርደት በኋላ ያው ባላጋራ እንደ ገና ሲቀድም አለመደንገጥ ከጨዋታው በፊት የተዘራ ነገር ነው።

የራያ ገበሬ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ዝናቡ የሚዘንበው በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ነው፤ ጎርፉ ግን በሌሊት፣ በደረቀው የሆርማትና የጎሊና አሸዋ ላይ እያጉረመረመ ወደ ቆላው ይወርዳል። ያን ጊዜ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ቦይ ልቆፍር የሚል ሰው ማሳው ደርቆ ይቀራል፤ ከክረምት በፊት ድንጋዩን ደርድሮ፣ ቅርንጫፉን ጐትቶ፣ ቦዩን አስተካክሎ ያቆየው ግን ጎርፉ ሲመጣ አካፋውን ይዞ ከዳር ይቆማል፣ የተሸረሸረ ካለ ብቻ ይደፍናል። ጎርፉን እርሱ አላመጣውም፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አስቀድሞ ወስኗል። አቶ ይድነቃቸው በ1954 ዓ.ም. ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለዚህም የበቁት፣ እንደ ብዙዎቹ ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት ስላልተሻገሩ ይመስለኛል፤ በተጫዋችነታቸው ዘመን ሁሉ ቦይ ቆፋሪም ነበሩና የሚሻገሩት ወንዝ አልነበረባቸውም።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ከአንድ ቡድን የሰፋ ሆነ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ ነፍጎ፣ አሸናፊዋ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር እንድትጋጠም ባዘዘ ጊዜ፣ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. የ1966ቱን የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ጥለው ወጡ፤ በዚህ ትግል የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ግንባር ቀደም ነበሩ። ፍሬውም ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ው የሜክሲኮ ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች፣ ሞሮኮም ሄደችበት። በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ድረስ በዚያው መንበር ቆዩ። በጠላት ዘመን በሜዳ ላይ ዘር ሲለይ ያየ ሰው፣ ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከዓለም ማኅበር እስክትባረር ድረስ ስለ ምን እንዳልደከመው ከላይ በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁ ነገር ይመልሳል።

ስለ ሉቺያኖ ቫሳሎ አሳጥሬ እናገራለሁ፤ ያጠረው ግን በጥቂት ቃል የሚያልቅ ሰው ስለ ሆኑ አይደለም። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. በአሥመራ ከጣልያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወልደው፣ በድሬዳዋው የጥጥ ማኅበር ክለብ ገንነው፣ የኢትዮጵያን ቡድን በአምበልነት መሩ፤ ከተጫዋችነት በኋላም አሠለጠኑት። አምበል ማለት በሜዳ ውስጥ ያለ አሠልጣኝ ነውና መሰላሉን በከፊል የወጡት በዚያው ነው። የአብዮቱ ዘመን ግን ጊዜ አልሰጣቸውም፤ አገር ለቀው ወደ ጣልያን ተሰደዱ፣ በሮም አጠገብ በኦስቲያ ልጆችን ኳስ እያስተማሩ ኖሩ፣ በ2015 ዓ.ም. መባቻም እዚያው ዐረፉ። ብሔራዊ ቡድን የመሩ ሰው፣ በስደት የሕፃናት አስተማሪ ሆኑ። በስፔን ያሉት ሰዎች ከሕፃናት ይጀምራሉ ብዬ ነበር፤ እኛ መሰላሉን ገልብጠን አቆምነው።

የመንግሥቱ ወርቁ ነገር ግን ረዘም ያለ ቃል ይፈልጋል። በጎንደር ምድር ተወልደው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አድገው፣ በ1954ቱ ውድድር ሦስት ግብ አግብተው ከግብፁ በደዊ ጋር የግብ አግቢነቱን ክብር ተካፈሉ፤ በአፍሪካ ዋንጫ ዘመናቸውም በጠቅላላው አሥር ግብ አስቆጠሩ። ከኢትዮጵያውያን መካከል በዚያ ውድድር ይህን ያህል ያገባ ማንም የለም። እኒህ ሰው በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት ይዘው ወደ ሊቢያ ሄዱ። ምድቡ የጭንቅ ምድብ ነበር፤ የዋንጫው ባለቤት ናይጄሪያ፣ አልጄሪያና ዛምቢያ። ናይጄሪያ 3 ለ 0፣ ዛምቢያ 1 ለ 0 አሸነፉን፣ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ተለያየን።

ውጤቱን ላይ ላዩን ያየ ሰው ወድቀው ተመለሱ ይላል። እኔ ግን በሦስቱ ቁጥሮች ውስጥ የአንድን አሠልጣኝ ሥራ አነባለሁ፤ ሦስት፣ አንድ፣ ዜሮ። ግብ የሚገባበት በር ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ተዘጋ፤ የተዘጋውም በማን ላይ እንደ ሆነ አስታውሱ፤ ያች አልጄሪያ ከሦስት ወር በኋላ በዚያችው ስፔን ምድር፣ በኺኾን ከተማ፣ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን ያስደነገጠች ናት። ይሁን እንጂ በሦስቱም ጨዋታ የእኛ ቡድን አንዲት ግብ አላገባም። በ117ኛው ደቂቃ፣ ሌላው ሁሉ እግሩ በከዳው ሰዓት፣ ኳስ ከመረብ ማገናኘት የሚችል ሰው ያሠለጠነው ቡድን ግብ ጠፋበት! መከላከል ሥርዓት ነው፤ ሥርዓት ደግሞ በቃልና በድግግሞሽ ይተላለፋል፣ ስለዚህም አስተላለፉት። ግብ ማግባት ግን፣ በተለይ እንደ መንግሥቱ ወርቁ ያለ ሰው ሲያገባ፣ ጭንቅላት ሳያውቀው እግር የሚሠራው ነገር ነው፤ እርሱን በየትኛው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስተምሩታል? ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች በአሠልጣኝነት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ራሳቸው ሳይማሩት የቻሉትን ሌላው ተምሮ አለመቻሉ ያናድዳቸዋል። መንግሥቱ ሊያስተምሩት የሚቻለውን ለይተው ማስተማራቸው በእኔ ዓይን ከአሥሩ ግቦች አያንስም።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት ያህል የአፍሪካን ዋንጫ ደጃፍ አልረገጠችም። አቶ መንግሥቱ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ያ በር ገና እንደ ተዘጋ ነበር። የከፈተው፣ በተጫዋችነት ዘመኑ ስሙ እንደ እነርሱ ያልገነነው ሰውነት ቢሻው ነው። በካርቱም 5 ለ 3 ያሸነፈችንን ሱዳንን በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ባገቧቸው ሁለት ግቦች 2 ለ 0 ረትተን፣ ይድነቃቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በር ሲዘጉባት ወደ ኖሩት፣ አሁን ግን ነጻ ወደ ወጣችው ደቡብ አፍሪካ ሄድን። የመጀመሪያው ጨዋታችን ከባለዋንጫዋ ከዛምቢያ ጋር የሆነው በጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ የ1954ቱ ፍጻሜ በተደረገበት በዚያው ዕለት፣ ልክ በ51ኛው ዓመት። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ከወጣ በኋላ በዐሥር ሰው የቀረው ቡድን፣ እየተመራ ቆይቶ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። በቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፈን ብንመለስም፣ ታላቅ ተጫዋች ያልነበረ ሰው ለ31 ዓመት የተዘጋውን በር መክፈቱ፣ ሁለቱ ሙያዎች የተለያዩ ናቸው ላልሁት ነገር ከእኔ ቃል ይልቅ የጠነከረ ምስክር ነው።

አሁን ወደዚሁ ወደ ቆቦ ልመለስ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስታዘነብል፣ ወደ ሆርማት ወንዝ ብትወርዱ፣ አሸዋው ላይ ድንጋይ ለግብ ተክለው፣ ግማሹ ሸሚዝ አውልቆ ግማሹ ለብሶ ሲጫወቱ ታያላችሁ። ከእነርሱ ራቅ ብሎ አንድ ልጅ ይቆማል፤ የጓደኞቹን ጫማና ስልክ በፌስታል አንጠልጥሎ፣ በቀኝ ጉልበቱ ላይ የታሰረች ጨርቅ ያለችው፣ «ሰው ያዝ! ወደ ኋላ! አትከማቹ!» እያለ ድምፁ እስኪሰልል የሚጮኽ። ጉልበቱ ተጎድቶ ስለ ወጣ ያዝኑለታል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፣ የሚሠራው ሥራ ስም ያለው ሙያ መሆኑን የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

በጥር 2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሠራው ታላቅ ስታዲየም ሲመረቅ፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ የወልድያም ቡድን በፕሪሚየር ሊግ የተጫወተባቸውን ዓመታት በኩራት እናስታውሳለን። ስታዲየም ግን ለጨዋታው ቀን ነው፤ አሠልጣኝ የሚያስፈልገው ለቀሩት ቀናት ነው። የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዛሬ የአሠልጣኝነትን ትምህርት ከ«ዲ» ላይሰንስ ጀምሮ በደረጃ ከፋፍሎታል፤ ይድነቃቸው ሳይኖራቸው የወጡት መሰላል የመጀመሪያው እርከን ተበጅቷል ማለት ነው። የወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤቶቻችን ለማልያና ለዋንጫ ከሚመድቡት ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሰው፣ በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ከሜዳ የወጡ ወጣቶችን ወደዚህ ትምህርት ቢልኩ፣ ፌስታል ይዞ የሚጮኸው ልጅ የሚጀምርበት ደረጃ ያገኛል። ሴቶች ልጆቻችንንም በዚሁ እቈጥራለሁ፤ በሜዳው ቦታ የነፈግናቸውን በሜዳው ዳር እንዳንነፍጋቸው።

ንግግሬ በዚህ ያበቃል፤ ክርክሩ ግን ገና ነው። መንግሥቱን በአሠልጣኝነት ከሉቺያኖ አስበልጬ እንዳቀረብሁ አስተውላችኋል፤ ከመካከላችሁ በዚያ ዘመን በድሬዳዋም በአዲስ አበባም ተቀምጦ ሁለቱንም በዓይኑ ያየ አባት ካለ አይስማማኝ ይሆናል። መድረኩን ለእርሳቸው ለቅቄ ተቀምጬ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።